ማሳችንን ለጎበኙት ጫማዎች የቀረበ ምስጋና

አሶሳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ቡድን መሪ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን እገዛ ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እርስዎና ባልደረቦችዎ ይህን የአሶሳ ሙቀት እንዴት ቻላችሁት? ጤናዎ እንደ ሩብ ዓመት ሪፖርትዎ እንከን የሌለበት፣ የቢሮዎ ቬንትሌተርም መብራት የማይጠፋበት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ቲማቲምና ቃሪያ ለገበያ የማመርተው እየሩስ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ በየካቲት ወር ከፊቱ ቆመው ፎቶ የተነሡበትን አረንጓዴ መስመር አይዘነጉትም ብዬ አምናለሁ። ያ መስመር አሁን የለም። ምስጋናዬን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ለብቻዎ የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ ረጅም ዕረፍት ላይ ስለሆኑ ሰላማቸውን ላለማወክ ነው።

1ኛ. ስለ ምርመራው እጅግ አመሰግናለሁ። ጥር መጀመሪያ ላይ የላይኛው ማሳችን ቲማቲም ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን፣ በአረንጓዴነቱ እንዳለ፣ ቀትር ላይ እየጠወለገ አመሻሽ ላይ ቀና ማለት ጀመረ፤ በሳምንቱ አመሻሽም ላይ መቃናቱን ተወው። የለቀማ ሠራተኞቻችን አለቃ ነዕማ አንዱን ግንድ ከሥሩ ቆርጣ ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ስታቆመው ከቁራጩ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ታች ወረደ። ይህ ምልክት ተክሉ ተጠምቶ ሳይሆን በአፈርና በውሃ በሚተላለፍ፣ መድኃኒትም በሌለው የአጠውልግ በሽታ ተይዞ እንደሆነ የሚናገር መሆኑን ነዕማ ቀድሞ በሠራችበት እርሻ ተምራዋለች። ይሁን እንጂ ነዕማ ማኅተም ስለሌላት ናሙናውን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ እርስዎ ይዤ መጣሁ። ናሙና ያለ ሸኚ ደብዳቤ እንደማይመዘገብ፣ ሸኚ ደብዳቤውም እርስዎ ከስብሰባ ሲመለሱ እንደሚፈረም በትሕትና ተነገረኝ። አሥራ አንድ ቀን ጠረጴዛ ሥር የከረመው ቲማቲሜ በስብሶ ለምርመራ የማይመች ሆኖ መገኘቱም በቁጥርና በቀን በተደገፈ ጽሑፍ ስለተገለጸልኝ የአሠራርዎን ጥራት ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ. ስለ ምክርዎ። ናሙናው ቢበሰብስም እርስዎ በስልክ የላክሁልዎትን ፎቶ አይተው ችግሩ የውሃ ጥም ብቻ መሆኑን በአንድ አፍታ በመወሰንዎ፣ ውሃም በብዛት እንድንጨምር በማዘዝዎ ባለውለታዬ ነዎት። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ወጥቶ ወንዙ ከገና በፊት ወደ ኩሬነት ተለውጦ ስለነበር ለሁለት ወር ልንቆጥበው የሚገባንን ውሃ በዘጠኝ ቀን ውስጥ በቦይ ለቀቅነው። ውሃውም በሽታውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው፣ አንድም ተክል ሳይዘነጋ፣ በየቤቱ አደረሰው። ነዕማ ከልክላኝ ነበር። አልሰማኋትም፤ ከማኅተም ጋር መከራከር ያስፈራኛል። ለዚህ ጥፋቴ ግን እርስዎን ተጠያቂ ላደርግ አልፈልግም፤ ፈሪ ሆኜ ያደግሁት እርስዎ ወደ ቢሮው ከመምጣትዎ በፊት ነው።

3ኛ. ስለ ጉብኝቱ። እርሻችን በሞዴልነት ተመርጦ ሠላሳ አራት እንግዶች ለልምድ ልውውጥ እንደሚመጡ፣ ማሳውም አረንጓዴ ሆኖ እንዲጠብቃቸው የሚያሳስበው ደብዳቤዎ በዚያው ሰሞን ሲደርሰኝ የነበረኝን ደስታ ቃል አይገልጸውም። ከወንዙ የምንጠልፈውን ውሃ የምንወስደው በተራ ነው፤ የእኔ ውሃ ደግሞ በምክርዎ አልቆ ነበር። ከእኛ በታች ያለው ጎረቤቴ ሙርሳል የሁለት ሳምንት ተራውን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ የእኔ እንግዳ የእርሱም እንግዳ ስለሆነ ሳልለምነው ነው የሰጠኝ። በዚያ ውሃ ከመንገዱ ዳር ያለውን ማሳ አረንጓዴ አድርጌ ጠበቅሁዎት። ነዕማም በማሳው መግቢያና መውጫ ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ሳፋ አስቀምጣ እንግዶቹ ጫማቸውን እየነከሩ እንዲያልፉ አዘጋጅታ ነበር። ሳፋዎቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከሩቅ የመጣን እንግዳ፣ ያውም ባለሥልጣን፣ ጫማህ ቆሻሻ ነው የማለት ያህል ሆኖብኝ አፈርኩ። እናንተም የታመመውን የላይኛውን ማሳ ረግጣችሁ፣ ጭቃውን በሶላችሁ ይዛችሁ፣ ለማነጻጸር ያህል በሚል ወደ ሙርሳል ጤነኛ ማሳ ወረዳችሁ፤ በመካከሉም ቆማችሁ ስለ ሰብል ጥበቃ የተሰጠውን ማብራሪያ አዳመጣችሁ። በእውነት ጥሩ ማብራሪያ ነበር።

4ኛ. ለዚህ ቁጥር የሚሆን ውለታ አላጣሁም። ደክሞኝ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ለራሴ የምጠይቀው ነገር የለኝም። ይህ መሬት ከእንግዲህ ለብዙ ዓመት ቲማቲምም ቃሪያም አያበቅልም። ከነዕማ ጋር ሲለቅሙ የነበሩት ሃያ ሁለት ሴቶች ከሥራ ወጥተዋል፤ ግማሾቹ ወርቅ ሊያጥቡ ወደ መንጌ ሄደዋል፤ የቀሩት እስካሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ እየመጡ ይቆማሉ። እኔ ነገ የቀረውን ነቅዬ አቃጥላለሁ። ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ደግሞ የሙርሳል ቲማቲም ቀትር ላይ መጠውለግ ጀምሯል። ሰውየው ከዚያ ማሳ ሌላ የለውም። ይህን የምጽፈው በእርስዎ ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ እፍረትም አለበት።

ለሰጡን ጊዜ፣ ላልሰጡንም ጊዜ፣ በተለይም በጫማዎ ሶል ጭምር ለደረሰን ክትትል ያለኝን የማይደርቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሌላ ሞዴል እርሻ እስኪያገኙ ድረስ ዕድሜና ሹመት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ታዛዥዎ
እየሩስ ሃብታሙ
የቀድሞ አትክልት አምራች

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (እንደተለመደው)

በተጨማሪ ለመግለጽ ያህል፦ ሙርሳል ትናንት ከባለቤቱ ከዐርዋ ጋር እቤቴ ድረስ መጥቶ አመሰገነኝ። በእኔ እንግዶች ምክንያት የባልደረባዎን ስልክ አግኝቶ ስለጠወለገው ቲማቲም ሲጠይቀው፣ ጥም ነው፣ ውሃ ጨምር ብሎታል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ከጉድጓድ እየቀዱ በጀሪካን ሲያጠጡ ሰንብተዋል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና ምንም አይደለም ብዬ ሸኘሁት፤ የእርስዎ ሥራ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።