ከሁለቱም ወገን

ጥቅምት 4፣ 2008፣ ቢቸና
የዘጠነኛ ሲን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ግማሹ ክፍል ነጭ የደም ሴልን ከቀይ አይለይም። ለማስተርሴ ሴሚናር አለብኝ። አማካሪዬ ርዕስ ሰጠኝ፦ የቢ ሴል ረዳት ሞለኪውሎች።

ጥቅምት 9
ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ጀርም የሚለይበት ተቀባይ አለው። ብቻውን ግን አቅም ያንሰዋል፤ አጠገቡ ሲዲ 19 የሚባል ረዳት መልእክቱን ያጎላለታል። ረዳቱ ከሌለ ሴሉ አለ፣ ግን በወጉ አይበስልም። በቂ ፀረ እንግዳ አካልም አያመርትም። ልጁ ጆሮው ይመግላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ...
ነጃትዬ። በአራት ዓመቷ የቀበርኳት ልጄ።
ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይታይም ይላል መጽሐፉ። ከሁለቱም! የባሌ የከሊፋ እናት ግን "ደምሽ ነው የበላት" ብለው አስፈቱኝ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ፈታኝ። በዓመቱ የአጎቴን ልጅ ዘይዳን አገባ።

ጥቅምት 12
እህቴ ከሞጣ ደወለች። የዘይዳ ልጅም ጆሮዋ ይመግላል አሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ሦስቴ የሳንባ ምች። እኔና ዘይዳ አያታችን አንድ... ያው ጉድለት በእሷም ደም አለ። ገባኝ።
ልንገራቸው? ለምን? ይቅመሱት።

ጥቅምት 20
ዝም እንዳልኩ ነው።

ኅዳር 3
ሞጣ ሄድኩ። ልጅቷን ለማዳን? አይደለም። የከሊፋን እናት ፊት ለማየት። ሰደቃ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። "እማማ፣ ልጄን የበላት ደም ግማሹ የልጅዎ ነው። አሁን ይችኛዋን እየበላት ነው" አልኳቸው። አመድ መሰሉ። ጣፈጠኝ።
ሐኪም ይመርምራት ብል ከሊፋ እንደ እርግማን ቆጠረው። የትም አትሄድም ብሎ ከቤት አስወጣኝ።

ኅዳር 7
ልጅቷ ሆስፒታል ገባች። ኦክስጅን ላይ ናት። የምትድንበትን ነገር ስድብ አድርጌ ወረወርኩት... ማን ይስማኝ?

ኅዳር 8
ዘይዳን ሆስፒታል ብቻዋን አገኘኋት። ግምት ነው፣ መመርመር አለባት፣ ከተገኘ ግን የሚረዳት ሕክምና አለ አልኳት። ሐኪሙንም አስረዳሁት፤ ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈ። ከሊፋ እምቢ ቢልስ አልኳት።
"አልጠይቀውም" አለች።

ታኅሣሥ 11
ዘይዳ ከአዲስ አበባ ስትመለስ እኔ ጋ ወረደች። የልጅቷ ፀረ እንግዳ አካል በጣም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒት ጀምራለች። ወዝ አውጥታለች። ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።
"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ ዘይዳ።
መዋሸት እችል ነበር።
"ጥቅምት አሥራ ሁለት።"
በጣቷ ቆጠረች። እስከ ሰደቃው ቀን ሦስት ሳምንት። ልጇን ከጭኔ አነሳች። እስከ በሩ ሸኘኋት፤ ዞራ አየችኝ።
እኔ የከሊፋን እናት ሰባት ዓመት ሙሉ ያየሁበት ዓይን ነው።