መብራቱን የሚዞረው ኳስ

ውድ ልጄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ባለፈው የላክኸው ደብዳቤ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ስለ ጤናህ አንድም ነገር አይናገርም። «ደህና» ለጎረቤት ይበቃል፤ ለእናት ግን አይበቃም። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጅህም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች።

ይህን የምጽፈው እጄን ሥራ ለማስያዝ ነው። ባለቤትህ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ ቆማ ወቅቶች ለምን እንደሚፈራረቁ እያስተማረች ነው፤ ርእሰ መምህሩና ከቢሮ የመጣች ገምጋሚ ከኋላ ተቀምጠዋል። የሙከራ ጊዜዋ የሚቋጨው በዚህ ትምህርት ነው። ቋሚ ከሆነች አንተ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ፤ ካልሆነች እዚያው የሥራ ውልህን ታድሳለህ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደፍሮ የሚያወራው ግን የለም።

ትናንት ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ ነበር። የመብራቱን ቆብ አውልቃ መብራቱን በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ፀሐይ መሆኑ ነው። የልጅህን የስፖንጅ ኳስ በሹራብ መሥሪያ መርፌዬ ወግታ መሬት አደረገችው። መርፌውን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ «የላይኛው ግማሽ ወደ ፀሐይ ስላዘመመ እዚህ ላይ ሞቃቱ በጋ ነው» አለች። እስከዚህ ልክ ናት። ከዚያ መብራቱን መዞር ጀመረች። ፊቷን ወደ መብራቱ አድርጋ ስትዞር ሰውነቷ ይዞራል፤ መርፌውም አብሮ ይዞራል። ማዶ ደርሳ «አሁን ብርዳሙ ክረምት ሆነ» ስትል መርፌው አሁንም ወደ መብራቱ እንዳዘመመ ነበር። እንደ እሷ አዟዟር ከሆነ ዓመቱን ሙሉ በጋ ነው!

አንድ ቀን ትምህርት ቤቷ ሄጄ በባልደረቦቿ ፊት የሰሌዳ ጽሑፏን አርሜባት ከተቀየመችኝ ወዲህ ሁለተኛ በሥራዋ እንዳልገባ ቃል አስገብተኸኛል። ደግማ ዞረች፤ ያው ነው። አልቻልኩም። «ወደ መስኮቱ አዘንብዪው፤ የትም ብትደርሺ ከመስኮቱ አይነሳ» አልኳት። እሷም «እማማ፣ ነገ እኮ ነው የምገመገመው! ዛሬ ነው የሚያፈርሱኝ?» አለችኝ። «ዛሬ ካልፈረስሽ ነገ ሰው ፊት ትፈርሻለሽ» አልኩ። ለስለስ ያለ ቃል አፌ ላይ አልመጣልኝም። መብራቱን አጥፍታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ጠዋት ሻይዋን ሳትጠጣ፣ ደህና ዋሉ ሳትለኝ፣ መብራቱንና ኳሱን ከነመርፌው ይዛ ወጣች። አሁን የምፈራው ስህተቷን ብቻ አይደለም፤ የእኔና የእሷ አዟዟር ተደበላልቆባት ክፍሉ መሃል እንዳትቆም ነው።

በሩ ተከፈተ። ቆይ።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነገረችኝ። ትንሽ እንደዞረች መርፌው አብሯት ሊዞር ሲል ታወቃትና ቀጥ አለች። ገምጋሚዋ ብዕሯን አነሳች። ያኔ አንዷን ረጅም ተማሪ በሩ ጋ አቁማ «የትም ብሄድ መርፌው ወደ እሷ ያዘምማል፤ ከሳትኩ ጩኹብኝ» አለቻቸው። ጮኹባት፣ አስተካከለች፤ ደግመው ጮኹባት። ማዶ ስትደርስ መርፌው ለመብራቱ ጀርባውን ሰጠ፤ ክረምት ገባ። ገምጋሚዋ አንዱን ልጅ «መርፌው ቀጥ ብሎ ቢቆም ኖሮስ?» ብትለው «የክረምት ካፖርት አይገዛልንም ነበር» አላት። ርእሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ ጠብቆ ቋሚ መሆኗን ነግሯታል።

ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ «ቃልዎን ስላፈረሱ አመሰግናለሁ፤ ግን አይልመድብዎ» አለችኝ። አይለምድብኝም አልኳት። ሁለታችንም አላመንንም።

የምሥራቹን እሷ ቀድማ በስልክ ትነግርሃለች፤ የመርፌውን ነገር ግን ታሳጥረዋለች፤ ሙሉው ይኸው ነው። እንግዲህ ሰበብ አልቆብሃል። ውሉን እንዳትፈርም፤ ጓዝህን ሰብስብ።

አብሮህ የሚኖረውን፣ የሚያንኮራፋውን ጓደኛህን ሰላም በልልኝ፤ ከእንግዲህ የሚቀሰቅሰው ሌላ ሰው ይፈልግ። ለቤቱ ባለቤትና ለእናቱም እናቴ እጅ ትነሣለች በልልኝ። ልጅህ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤትህ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ዛሬ አልናገራትም።

እናትህ
ከቤትህ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን