የዘቢደር ሚኒባስ ኮምፒውተር

ኅዳር 4፣ ጧት
ዛሬም ሚኒባሷ ሚኒሞ አትይዝም፤ ቆማ ሞተሯ አይረጋም። ነዳጅ ስሰጣት ትታነቃለች፣ ስለቃት ትጮኻለች። ካንዴላ ለወጥሁ፤ አይደለም። ደብተሬ፣ ፊደል ባልቆጥርም የሞተር ድምፅ አልስትም። እንደ ልማዳችን እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ዘቢደር ትጽፋለች። ሚኒባሷ የእሷ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ባሕር ዳር–መሸንቲ እየነዳች ነው። ሌላ መካኒክ መኪናዋን እንዳይነካት ብያለሁ። አባቷ እያለሁ?

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
በሽታዋን ደረስሁበት። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባው ስሮትል ላይ ያለው ሴንሰር ነው፤ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው። ሦስት ቀጫጭን ሽቦ። ሽቦ ያው ሽቦ ነው። ነገ በአምፖሌ እፈትሻለሁ። ጸጉሬ የሸበተው በዚች ሁለት ሽቦ በታሰረባት አምፖል ነው። ዘቢደር ማሽን ሰክቶ የሚያነበውን ያሲንን እንጥራ አለች። እኔ መኪና ስፈታ ያሲን አልተወለደም አልኋት።

ኅዳር 6
ጭራሽ አትነሳም። ከመሪው ፊት ያለው የሞተር መብራትም ጠፋ። መፍቻዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ኅዳር 8፣ ማታ 12 ሰ.
አንዱ ሾፌር በአጥር አሻግሮ፣ “ጋሼ፣ ዶሮ ማሳደሪያ አደረጓት እንዴ?” አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ፤ አፌ እንቢ አለ። ዘቢደር በሰው መኪና ረዳት ሆና ዋለች። ገብታ እግሯን ስታሽ አየሁ።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት
ዘቢደር ጠርታው ያሲን መጣ። ማሽኑን ቢሰካ ኮምፒውተሩ አይመልስለትም። የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለ። አንዷ ሽቦ በሐይቁ እርጥበት አረንጓዴ ሆና ተበልታለች። በሽታዋ ይኸው ኖሯል፤ ቆርጦ መቀጠል ብቻ። ኮምፒውተሩ ግን ተቃጥሏል። “አባባ፣ ከባትሪ የመጣ ኃይል ነክቶታል” አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እያየኝ። ዘቢደር ዕድሏን ረገመች። ይኸን ስትጽፍም ትረግማለች።

ኅዳር 10፣ ጧት
አልተኛሁም። ደብተሬ፣ የምነግርህ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው፤ ለዚህ ነው ካንተም የደበቅሁት። ይብቃ። ጻፊ ልጄ። ዕድልሽ አይደለም። ኅዳር 6 ጧት ልጆችሽን ትምህርት ቤት ልታደርሽ ስትወጪ፣ የአምፖሌን አንድ ጫፍ ከባትሪው አሰርሁ፤ በሌላው ሦስቱንም ሽቦ ነካካሁ። የድሮ መኪና ይኸን ይችላል። ያንቺ ኮምፒውተር አልቻለም። የሞተሩ መብራት ድርግም ሲል ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አራት ቀን አፌን ያዝሁ። ከእንግዲህ ያሲን ይሥራት፤ እኔ መፍቻ አልይዝም፣ ቆርጫለሁ። ይኸንንም ጻፊው፦ ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። ቀና ብለሽ አትይኝ፤ ጻፊ። እኔ፣ አባትሽ።