ለአስተያየት ስድስት የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የእጅ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ቤተሰብዎም ከወረርሽኙ እንዲጠበቅ ከልብ እመኛለሁ። በመጽሔትዎ እንዲህ ያለው ምኞት እንደሚሰረዝ ባውቅም፣ ይህኛው በጋዜጣ ስለሚወጣ ሳይነካ እንደሚደርስዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዮርዳኖስ ውስጥ፣ አማን ከተማ የምሠራ የእጅ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ከመጋቢት ወዲህ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ቀዶ ሕክምና ቆሟል። እዚህ ሐዝር የሚሉት የሰዓት እላፊ ከታወጀ ጀምሮም ጀበል አል-ሁሴን ባለችው ክፍሌ ተዘግቼ የላኩልኝን ጥናቶች ስገመግም ከርሜአለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ገምጋሚና አጥኚ እንዳይተዋወቁ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ስለ ተቆረጠ ጅማት ስፌት ከጻፉት አጥኚ ጋር በእርስዎ በኩል ደጋግመን ተከራክረናል። በሰዓት ተቀጥራ ቤት ታጸዳ የነበረችውና እንደ እኔው ሥራ የፈታችው ጎረቤቴ ብርቅነሽ መልሴን ስጽፍ ጮክ ብዬ የምናገረውን በግድግዳው ሰምታ «ዶክተርዬ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትቆጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰውየውን እንደማላውቀው ስነግራት «አይዞህ፣ እኔም ማዳሜን አራት ዓመት አገልግያት አላውቃትም» አለችኝ።

ሁለተኛ፣ ከአስተያየቶቼ ግርጌ፣ ስድስተኛ አድርጌ፣ «ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው?» ብዬ መጻፌ የአሠራር ግድፈት መሆኑን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ሰላምታ ሳይለዋወጥ ሥራ መጀመር ያልለመደ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። የመጀመሪያው ሰላምታዬ ግን ከዓይንዎ አምልጦ ኖሮ፣ አጥኚው «ለአስተያየት ስድስት መልስ፦ ትኩሳት ይዞኛል፤ ሠንጠረዡን ሲሻለኝ አስተካክላለሁ» ብለው ጻፉ። እግዚአብሔር ይማርዎ ብዬ የመለስኩት ግን ተሰርዟል።

ሦስተኛ፣ አጥኚው በጊዜው ባለመመለሳቸው ጥናቱ መዘጋቱን ፈጥነው ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። በሕይወት አሉ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ የአጥኚ ማንነት ምስጢር ነው የሚል መልስ ከቢሮዎ ደረሰኝ። እኔ ስም አልጠየቅሁም። አሉ ወይም የሉም ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ምርጥ ገምጋሚነት የላኩልኝ የምስክር ወረቀት ደርሶኛል። ስሜ በትልቁ ተጽፎበታል።

በእርስዎ ዘንድ «ገምጋሚ ሁለት»፣
በወላጆቹ ዘንድ ዶ/ር ተካልኝ ንጋቱ፣
ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ አማን

ማስታወሻ፦ ምናልባት ብታመም በእኔ ምትክ የሚገመግም ብቁ ሰው እንድጠቁምዎ በትናንቱ ኢሜይልዎ ጠይቀውኛል። አንድ ሰው አለ፤ ስሙን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።