ጠባብ ፊደል ለአውቶቡስ ግንባር

ይድረስ ለምወድሽ፣ እንደ እናትም ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ ዛሬም ግድግዳ ይዘሽ ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ዛሬ እንዲያውም ደስታው ናፍቆቱን በልጦት ነው የምጽፍልሽ።

እዚህ ሰሌዳ መሥሪያ ቤት ቆርቆሮ ስቆርጥ ሦስት ዓመት እንደሞላኝ ታውቂያለሽ። ዐይኔ ግን ሁልጊዜ መንደፊያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ባለፈው ወር የአውቶቡስ ሥራ መጣ፤ የየሰፈሩ ስም ከሾፌሩ መስታወት በላይ ይጻፍ ተባለ። ስሙ ረጅም፣ ሰሌዳው አጭር። ከኩራቱ የተነሣ ጄኔራሉ የምንለው ዋናው ጸሐፊያችን በዚያ ጅራታምና ሰፊ ፊደሉ ሞከረ፤ አልገባ ሲለው አሳንሶ እንደ ጉንዳን ደረደረው።

እኔ በምሳ ሰዓት ካርቶን ላይ ሌላ ነደፍኩ፦ ወፍራም፣ ጠባብ፣ ቁመቱ ሰሌዳውን የሚሞላ፣ ጌጥ የሚባል የማያውቅ። ጄኔራሉ አይቶ፣ ይሄ አጥር እንጂ ፊደል አይደለም አለ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነበር። ለማወፈር ስስገበገብ የፊደሎቹን ሆድ፣ በመስመሮቻቸው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ፣ ደፍኜው፣ ከሃያ እርምጃ ሁሉም አንድ ጥቁር ነገር ሆኗል። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። ውጭውን ሳልነካ፣ መስመር ከመስመር የሚገናኝበትን በውስጥ በኩል እየሸረፍኩ ሆዱን ከፈትኩት።

የመሥሪያ ቤታችን ባለቤት ካርቶኑን አገላብጣ አየችና፣ እንሞክረው፣ ካልተነበበ ግን ስለ ፊደል ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ፣ አርፈህ ቆርቆሮህን ትቆርጣለህ አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት አውቶቡሶች ከመናኸሪያው ማዶ ተነሡ፤ አንዱ የእሱን፣ አንዱ የእኔን ፊደል ይዞ። የትኛውን ሰፈር እንደሰቀሉ የሚያውቁት ሾፌሮቹ ብቻ ናቸው። ቀድሞ ያነበበ ይጥራ ተባለና ተሳፋሪው ሁሉ ተንጠራራ። ገና ከሩቅ አንድ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ። ዞር ስል ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጄኔራሉ! ያነበበውም የእኔን። አፉን በእጁ ከደነ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ማን ይመልሰው። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀና እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ የእሱ ሰሌዳ ተነበበ፣ አውቶቡሱ አጠገባችን ከቆመ በኋላ።

አርባ አውቶቡስ፣ እህቴ! አርባውም በእኔ ፊደል!

ብቻ ለሁሉም አይሆንም። በደስታ ሰክሬ የጎረቤቴን የሠርግ ጥሪ በዚሁ ፊደል ብጽፍላት፣ የሙሽራው እናት አንብበው፣ ልጄን ሊድሩት ነው ሊከሱት አሉ። ይህ ፊደል ቁም፣ ተጠንቀቅ፣ እዚህ ነው ለማለት የተፈጠረ ነው፤ ማሽኮርመም አይችልበትም።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ያቺን ቁጡ ትልቋን ልጅሽን፣ ትንሹንም በያሉበት ሰላም በያቸው። ወንድምሽ ምን ይሠራል ብሎ ለሚጠይቅሽ ሁሉ፣ ቆርቆሮ ይቆርጣል ማለት ቀርቷል፤ ፊደል ነዳፊ ነው በይ፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ።

ወንድምሽ
በገዛ መንደፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ተጻፈ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን