የየሻረግ ቦምቦሊኖ

ሐሙስ፣ ጥር 15

ዛሬ ባለቤቴ ተናገረች። በመስቀል ሰሞን ስትሮክ ከመታት ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም ነበር።

እሷ ስትጠብሰው የኖረችውን ቦምቦሊኖ አሁን እኔ ነኝ የምጠብሰው፤ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች። እስከ ማታ ይደርቅብኛል። ዛሬ ጠዋት፣ እንዳይደርቅ ብዬ፣ ከዘይቱ እንዳወጣሁት በፕላስቲኩ ዕቃ ከትቼ ልከድነው ስል፣ «ይብረድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ክዳኑ ከእጄ ወደቀ። «የሻረግ፣ ምን አልሽ?»

«ይብረድ። ያልበዋል» አለች፣ እየተንተባተበች።

አብርጄ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከደንኩት። ደጀን ላለችው ልጃችን ደወልኩላት።

«እናትሽ ተናገረች!»

«ምን አለች አባዬ?»

«ተቆጣችኝ።»

ልጄ ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ መጣ።

ማታ ስከፍተው አልደረቀም፤ ቆርሼ አጎረስኳት። ተመስገን። ነገም በተቆጣችኝ።