በፎቶግራፉ ላይ ስማቸው ስላልተጻፈው ሰባተኛ ሰው

ይድረስ፦ ለሳንሆ ሞተር ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት፣ ደቡብ ኮሪያ
ግልባጭ፦ ፌስቡክ ለሚከፍት የመቱ ነዋሪ በሙሉ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.፣ መቱ፣ ኢሉባቦር

ክቡር ሆይ፦

አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለመሐንዲሶችዎና ለፋብሪካዎ ጥበቃዎች ጭምር የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ እንደ ማስታወቂያችሁ ያማረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ከዝናቡና ከጭቃው በስተቀር ደኅና ነን። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ በኢሜይል ጽፌላችሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ገና ጣቴን ከስልኬ ላይ ሳላነሳ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደርሶኛል። ትዕግሥተኛ መሆኔን በዚያች ቅጽበት እንዴት እንዳወቃችሁልኝ ገርሞኝ ሳያልቅ ወራት ስላለፉ፣ ይኸው በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አብነት እባላለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜ (ትምህርቱ ነው ያቆመው የሚሉ ጠላቶችም አሉኝ) መቱ ከተማ በሚገኝ አንድ ላቫጆ መኪና አጥባለሁ። የሚነዳ ሰው የመኪናን ወንበር ያውቃል፤ የሚያጥብ ሰው ግን ሆዷን ያውቃል። ስለዚህ አስተያየቴን ከማንኛውም መሐንዲስ አስተያየት ሳያሳንሱ እንዲቀበሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በከተማችን የእናንተ ሥራ የሆኑ ሁለት መኪኖች አሉ። አንደኛዋ የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴው የሙከሚል ፒካፕ ናት። ሁለተኛዋ የጋሼ ክንፈ የቤት መኪና ናት፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሳቸው ምክንያት ነው። ጋሼ በወባ መከላከያ ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዳሪሙ እስከ ኡካ በእግራቸው ሲኳትኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «ከእንግዲህ እግሬ ይረፍ» ብለው ያችን ያገለገለች መኪና ገዙ። አሁን ሰባ አልፏቸዋል። ልጃቸው ጊፍቲ አዳማ ናት። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ግቢው ውስጥ የቆመችው መኪና ብቻ ናቸው።

ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ታሪካችሁ። በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ያለው የመመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ አራት ገጾቹ ስለ ጎማና ስለ ዘይት ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ነው የሚያወሩት። እኔ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ለጋሼ አነበብኩላቸው። መሥራቻችሁ ከጦርነቱ በኋላ በአንድ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ጋሪ ሲጠግኑ ነበር፤ ቀጥሎ የብስክሌት መንፊያ፣ ቀጥሎ ባለ ሦስት እግር፣ ቀጥሎ መኪና፣ አሁን ደግሞ መኪናውን የሚጭን የራሳችሁ መርከብ አላችሁ። እኛ ዘንድ ጋሪ ሲጠግን የነበረ ሰው ዛሬም ጋሪ እየጠገነ ስለሆነ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ነገር ግን ገጽ ሦስት ላይ ያለው ፎቶግራፍ ላይ ከመጠለያው ፊት የቆሙት ሰዎች ሰባት ናቸው፤ ከሥር የተጻፈው ስም ስድስት ነው። ሰባተኛው በስተግራ፣ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቆመዋል። ጋሼ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጡ ማለት ይቻላል። «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው ስሙን የነፈጉት?» ይሉኛል። «ምናልባት ፎቶ አንሺው ይሆናል» ስላቸው «ፎቶ አንሺ ፎቶው ውስጥ ምን ይሠራል፣ ማሎ!» ብለው ይቆጡኛል። ፋብሪካ ሙሉ ጸሐፊ ያለው ኩባንያ አንድ ስም መጻፍ እንዴት እንዳቃተው ብታስረዱን ወሮታችሁን አንረሳም።

2ኛ. ስለ ስፖኪዮ። የቀኙ ስፖኪዮ ላይ «በመስተዋቱ ውስጥ ያሉት ነገሮች ከሚታዩት ይልቅ ቅርብ ናቸው» የሚል ጽሑፍ አለ። በመቱ ይህ ሐሰት መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ላቫጆው በር ላይ ቆሜ የሸኘኋቸው የክፍሌ ልጆች፣ አንዱ ጋምቤላ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ቤይሩት ናቸው። አንዳቸውም ከሚታዩት ይልቅ ቅርብ ሆነው አላገኘኋቸውም።

3ኛ. በዓመት ስምንት ወር ለሚዘንብበት አገር ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ስለላካችሁልን እግዜር ይስጥልን።

4ኛ. ስለ ባለንብረቶች አስተያየት። ሙከሚል «ወላሂ ሞተሩን አልሰድበውም፤ ብረቱ ግን ብስኩት ነው። ሁሩሙ ደርሼ ስመለስ ግማሹን መንገድ ላይ ነው የምተወው» ይላል። እውነቱን ነው፤ የፓራፋንጎውን ዝገት በሳሙና ሳጥብ አንዳንዴ ከሳሙናው ጋር ይወርዳል። ጋሼ ግን ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «እኔን ሰው ትቶኝ ያውቃል፤ እሷ ግን አንድ ቀንም መንገድ ላይ ትታኝ አታውቅም» ነው መልሳቸው። ከሁለቱ የትኛውን በማስታወቂያችሁ ላይ እንደምትጠቀሙ ምርጫው የእናንተ ነው።

5ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእኔ ላይ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ ወንበርዎን ያዝ አድርገው እንዲያነቡት እለምናለሁ። ባለፈው ሚያዝያ በእናንተ ስም ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔን ከተማው የሚያውቀኝ በቀልድ ነው። አንድ ጊዜ ጋሼ ሳያዩኝ መኪናቸው ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጥፌ ዘጠኝ ገዢ በራቸውን አንኳኳ። ሌላ ሰው ቢሆን በዱላ ይፈልገኝ ነበር። ጋሼ ግን ዘጠኙንም በየተራ አስገብተው፣ ሻይ አፍልተው፣ ስለ መኪናዋ ሲያጫውቱ ዋሉ። በማግስቱ ላቫጆ ድረስ መጥተው «አንተ ቀልማዳ፣ ወረቀቱን ዝናብ አበላሸው እኮ፤ ሌላ አትጽፍልኝም?» አሉኝ።

እና ሌላ ጻፍኩላቸው። ይህኛው ከፍ ያለ ነበር። ዓርማችሁን ከመመሪያው መጽሐፍ አስቀዳሁ፤ ኮምፒውተር ቤት ያለችው ሀያት ጻፈችልኝ፤ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሰጠሁት፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተረከዝ ክብ ማኅተም ቀርጬ በሰማያዊ ቀለም መታሁበት። እንግሊዝኛዬ ስለማያስተማምን ከላይ «ከዋናው ጋር ተመሳክሮ የተተረጎመ» ብዬ በአማርኛ አደረግሁት። የሚለውም፣ በፎቶግራፉ ላይ ስማቸው ያልተጻፈው ሠራተኛችን በሕይወት አሉ፤ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከመሞታቸው በፊት እንዲህ ረጅም ዕድሜ የኖረችውን መኪና ባለቤት በዓይናቸው ማየት ስለሚሹ በሰኔ ወር መቱ ይመጣሉ፣ ነው።

የጋሼን ዓይን ስኳር ስላደከመው ያነበብኩላቸው ራሴ ነኝ። ጨርሼ ሳቃቸውን ስጠብቅ፣ ወረቀቱን ተቀብለው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉና «አላልኩህም? ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ይመጣል አላልኩህም?» አሉ። አላሉኝም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አጥሩ ታጠረ፣ የእንግዳ አልጋ ተነጠፈ። መኪናዋ በየቅዳሜው እኔው ዘንድ ትታጠባለች። ሰኔ ሲገባ ጋሼ ኮታቸውን ቆልፈው መናኸሪያ መዋል ጀመሩ። «ከዚያ ሁሉ አገር ተነስቶ ይመጣል እንዴ?» ያላቸውን ሁሉ «አጎቴ እኮ እስከዚያ ድረስ ዘምቶ ተዋግቶላቸዋል፤ ለገዛ መኪናቸው ሲሉ መምጣት ያቅታቸዋል?» ብለው ይመልሱታል።

በሰኔ አጋማሽ አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። ሳቁ። «አንተን እኮ አውቅሃለሁ፤ አሁን ደግሞ አይመጡም ብለህ ልታስደነግጠኝ ነው። ማኅተም አለው እኮ!» አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሰው፣ ማኅተም ካለው ወረቀትና ማኅተም ከሌለው አብነት የትኛውን እንደሚያምን ለክቡርነትዎ አላስረዳም። ሮጬ ሄጄ የቀረጽኩትን ነጠላ ጫማ አምጥቼ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና «ጎበዝ፣ በደንብ አመሳስለኸዋል» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አንመጣም የሚል ሌላ ደብዳቤ አልጻፍክም?» ይሉኝ ይሆናል። ጽፌያለሁ። ሐምሌ ላይ ሀያት ጋ ሄድኩ፤ ጣቶቿን ደርድራ «እሺ ኮሪያዊው፣ ንገረኝ» አለችኝ። ላስጽፍ የሄድኩት «አንመጣም» የሚል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ጉዞው በክረምቱ ምክንያት ወደ ጥቅምት ተዛውሯል» ሆነ። ማኅተሙንም ራሴ መታሁ። ምክንያቱን ከጠየቁኝ፣ በዚያው ሰሞን ጊፍቲ ደውላ አባቷን አዳማ ልትወስድ እንደምትመጣ ነግራቸው ነበር። እንግዳው ከቀረ ጋሼ ይሄዳሉ። ጋሼ ከሄዱ መቱ ውስጥ በቀልዴ የሚስቅ ሰው የለም። የቀሩት መኪናቸውን አሳጥበው ነው የሚሄዱት።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ስቀው ከሆነ ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ጋሼ ጥቅምት ቀረበ ብለው ከጠዋት ጀምሮ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው፣ በር በሩን እያዩ ሲጠብቁ፣ ቁርሳቸውን ሳይበሉ መድኃኒታቸውን ወስደው ኖሮ ስኳራቸው ወርዶ መሪው ላይ ተደፉ። ጡሩምባው ሳያቋርጥ ጮኸ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። ማንም አልወጣም። ሁሉም «አብነት ነው፣ ደግሞ ጀመረው» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። እኔ ላቫጆ ሆኜ ሰማሁት፤ እኔ አለመሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሮጥኩትም እኔ ብቻ ነኝ። ሙከሚል ሱቁን ሳይዘጋ በዚያች በብስኩቷ ሆስፒታል አደረሰልን። ለዚያች ቀን ሞተር ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም።

ጋሼ ነቅተው ሲያዩኝ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሰውዬው መጣ?» ብለው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር እንደሌለባቸው ተናግሯል። ጊፍቲ በመጪው ቅዳሜ ልትወስዳቸው ትመጣለች። እሳቸው ግን «ስሙን ያልጻፉለት ሰው፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ የተዘጋ በር ይጠብቀው? አልሄድም» ብለዋል። እኔ ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው ሳቁ። ሀያት ነገረቻቸው፤ «አንቺንም አስተባበረሽ?» አሏት።

ስለዚህ የምለምነው ቀላል ነገር ነው። መለዋወጫ አልጠየቅሁም፣ ዋስትና አልጠየቅሁም። ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለው አንድ ወረቀት፣ በላዩ ላይ «ሰውዬው አይመጡም፤ አይጠብቋቸው» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ከአርባ ዓመት በላይ መኪና ስትሠሩ ከኖራችሁ ይህን መሥራት አያቅታችሁም። የሰውዬውን ስም የሚያውቅ ሰው ከእናንተ ዘንድ ካለ ደግሞ እሱንም ጨምሩበት፤ ጋሼ ስሙን ይዘው ቢሄዱ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም።

ስማችሁን ያለ ፈቃድ ስለተጠቀምኩ ልትከሱኝ ብትፈልጉ መብታችሁ ነው፤ ለክሱ እንኳ ሰው ብትልኩ ግን ጋሼ እንግዳው መጣ ብለው ስለሚቀበሉት፣ እባካችሁ ከቅዳሜ በኋላ አድርጉት።

ከአክብሮት ጋር፣ ከሳሙና ጋር፣ እጄ ርጥብ ስለሆነ ለተዝረከረከው ፊርማዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

አብነት
በሁለት ደብዳቤ ልክ የቀድሞ የኩባንያችሁ ተወካይ፣ መቱ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ወረቀቱን በምንም ዓይነት በእኔ አድራሻ እንዳትልኩት። ለጋሼ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ «አይመጡም» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ከአፌ ምን እንደሚወጣ ለራሴም አላምነውም። የጊፍቲን ስልክ በሁለተኛው ኢሜይሌ ላይ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከፍታችሁ አንብቡት። ለእሷ ላኩት። እሷ እንደተጻፈው ታነብላቸዋለች።